የጨው አውጫጭ

እህቴ ኩላሊቷን ከሰጠችኝ ጊዜ ጀምሮ በስልክ የእኔን ጤና መጠየቅ ትታለች። ድሮ ከዝናቡ ጀምራ እስከ ጎረቤቶቼ ላም መውለድ ድረስ ሳትጠይቅ የማትዘጋው ሴት፣ አሁን ገና "ሄሎ" ከማለቴ፣ "እንዴት አደረች?" ትለኛለች።

"ደህና አድራለች" እላታለሁ።

"ውሃ ጠጣች?"

"ጠጣች።"

"ፀሐይ ላይ አላዋልካትም?"

"ጥላ ውስጥ ነው የዋልነው፤ እኔም ደህና ነኝ" ስላት፣ "አንተንማ ማን ጠየቀህ" ብላ ትስቃለች።

እትዬ ነው የምላት። እናታችን ቶሎ ስለሞተች ያሳደገችኝ እሷ ናት። ቀወት ወረዳ ውስጥ ወንዝ ዳር ካለችው መንደራችን ሳትወጣ፣ ማሾና ሽንኩርት እያመረተች፣ እኔን አስተምራ ሸዋ ሮቢት ላይ የጂኦግራፊ መምህር አደረገችኝ። ሁለቱም ኩላሊቶቼ ተማክረው ሥራ ያቆሙ ጊዜ፣ ከዘመዶቼ ብዙዎቹ በዱዓ እንደሚያስቡኝ ቃል ገቡልኝ። እሷ ሽንኩርቷን ለጎረቤት አደራ ብላ አዲስ አበባ ወጣች። ምርመራው ተስማማ። ሐኪሞቹ በየክፍሉ "በደንብ አስበውበታል ወይ?" እያሉ ሲጠይቋት፣ "ምኑ ይታሰባል፣ ወንድሜ አይደል" እያለች አለፈቻቸው።

በእኛ አገር ላም ያለው ሰው ለሌለው ዘመዱ በርቢ ይሰጣል። ተቀባዩ ያበላል፣ ያልባል፣ ጥጃ ሲወለድ ይካፈላሉ፤ ላሟ ግን የሰጪው ናት። ሰጪውም በፈለገው ጊዜ መጥቶ ከሳች፣ ወፈረች፣ ጅራቷ ለምን ቆሸሸ የማለት መብት አለው። እትዬ ኩላሊቷን በዚህ ሕግ እንደሰጠችኝ ለሰው ሁሉ ተናገረች። "በርቢ ነው የሰጠሁት" ትላለች። ለሳቅ ነው የምትለው፤ ሙሉ በሙሉ ለሳቅ ግን አይደለም። ለገበያ ከተማ በመጣች ቁጥር ቤት ትገባና፣ የሸሚዜን ጫፍ ገልጣ፣ ከእምብርቴ ዝቅ ብሎ በቀኝ በኩል ያለውን ቦታ በመዳፏ ዳብሳ፣ "ወፈር ብላለች" ወይም "አልተመቻትም" ብላ ትፈርዳለች። ሚስቴ ፊት፣ እንግዳ ፊት፣ አንዴማ ርዕሰ መምህሩ ፊት። ርዕሰ መምህሩ ጨዋ ሰው ናቸው፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ካላንደር ሲያነቡ ቆዩ።

ዓመት ሳይሞላን የደም ግፊቴ ይወጣ ጀመር። አዲስ አበባ ለክትትል ስሄድ ዶክተሯ አንድ ኪኒን ጨመረችልኝ፤ ቀጥላ ሌላ፤ ከዚያም ሌላ። እግሬ አበጠ፤ ካልሲዬን ሳወልቅ ላስቲኩ የነበረበት ቦታ ተቀርጾ ይቀራል። ዶክተሯ በየጊዜው "ጨው ላይ ጥንቃቄ ያድርጉ" ትለኛለች፤ ለሁሉም ታካሚ እንደምትለው ነው የምትለው። እትዬ ጆሮ ሲደርስ ግን ነገሩ ምክር መሆኑ ቀርቶ ክስ ሆነ።

"ማነው ጨው የሚያበላህ?" አለችኝ በስልክ።

"ማንም።"

"ታዲያ ግፊቱ ከሰማይ ወረደ?"

የሸዋ ሮቢትን ሰው ጨው አልበላም ብሎ ማሳመን ከባድ ነው። ሙቀቱ ሰው ያቀልጣል፤ የቀለጠ ሰው ደግሞ ጨው ያምረዋል። ቡናውን እንኳ በጨው የሚጠጣ አገር ነው። እዚህ ጨው የማይበላ ሰው ወይ በጠና ታሟል ወይ ከቤቱ ሰው ጋር ተጣልቷል። ስለዚህ "እኔ ጨው አልነካም" ስል የሰፈሩ ሰው በትሕትና ራሱን ይነቀንቃል፤ አንዱም ግን አያምነኝም።

ሚስቴ የደብረ ሲና ልጅ ናት። ማዘጋጃ ቤት ተመድባ ቆላ ወርዳ፣ ከሙቀቱ ጋር እስከ ዛሬ አልታረቀችም። ከቀዶ ሕክምናው ጀምሮ ጨው ከቤታችን አውጥታለች። እሷም ያለ ጨው ነው የምትበላው፤ ለምን ሲሏት "ሁለት ድስት የሚጥድ ማነው" ትላለች። እውነቱን እኔ አውቃለሁ፤ እያየኋት ብቻዋን የሚጣፍጥ መብላት አልሆንላት ብሎ ነው። ወጧ ምን ምን እንደሚል ብጽፍ ትዳሬ አደጋ ላይ ይወድቃል። ሽሮው ሽሮ መሆኑ በመልኩ ይታወቃል፤ ከዚህ አልፌ አልናገርም።

ግፊቱ አልወርድ ሲል እትዬ አንድ ረቡዕ በባጃጅ ከተፍ አለች። ከኋላ አንድ ጆንያ ሽንኩርት፣ ከፊት እሷ። ሚስቴ መለኪያውን ክንዴ ላይ አስራ ስትለካ እትዬ ቁጥሩን አላየችም፤ የሚስቴን ፊት ነው ያየችው። ከዚያ ተቀመጠች።

"ሌባ አለ" አለች።

"እትዬ፣ የምን ሌባ?"

"ተደብቆ ጨው የሚያበላህ። ኩላሊቴን ሊገድሏት ነው። ነገ አውጫጭ ይጠራልኝ።"

አውጫጭ፣ በሬ ሲሰረቅ ወይም ክምር ሲቃጠል የመንደሩ ሰው ሁሉ አንድ ቦታ ተሰብስቦ፣ ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ የማይመለስበት የድሮ ሥርዓት ነው። ያየ ያየውን፣ የሰማ የሰማውን ይናገራል፤ በስሙ መናገር የፈራ "ወፍ ነገረችኝ" ይላል። በልጅነቴ ለጠፋ ግመል ሲደረግ አይቻለሁ። ለጨው ሲደረግ ግን አይቼም ሰምቼም አላውቅም። ደግሞ ጨው ጠፋ አልተባለም እኮ፤ ተገኘ ነው የተባለው።

ልከለክላት ሞከርኩ። መምህር ነኝ፣ ተማሪዎቼ በዚያ መንገድ ያልፋሉ፣ ጎረቤት ምን ይለኛል አልኳት። "በርቢ የሰጠ ይጠይቃል" አለችኝ። እልኸኛ ሰው ነኝ፤ ከባልደረቦቼ ጋር ስከራከር ተሸንፌ አላውቅም። ያን ቀን ግን ለእንግዶቿ ወንበር ልዋስ ጎረቤት ሄድኩ።

ሐሙስ ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ ግቢያችን ያለው ማንጎ ሥር ሰው ተሰበሰበ። ባለ ሱቁ መጣ፣ የትምህርት ቤታችን ሻይ ቤት ባለቤት መጣች፣ ከግራና ከቀኝ ያሉ ጎረቤቶች መጡ። ያልተጠሩም መጡ፤ የሰው ገመና የሚወጣበት ቦታ ላይ መቅረት የሚችል ሰው የለም። ሰብሳቢ የሆኑት የሰፈራችን ሐጂ ናቸው። ሰባ ዘልለዋል፣ ሰኞና ሐሙስ ይጾማሉ፣ ለጨው አውጫጭ መቀመጥ እንዳላማራቸው ከአካሄዳቸው ያስታውቃል። እትዬን እምቢ ማለት ግን አልቻሉም። እትዬን እምቢ ያለ ሰው በቀወት ምድር አላውቅም።

ሐጂ ዱዓ አደረጉና "ያየ ይናገር" አሉ።

 ባለ ሱቁ ጉሮሮውን ጠርጎ አንድ ቀን ብስኩት እንደሸጠልኝ ተናገረ። "ብስኩት ጨው አለው?" ሲሉ ሐጂ ጠየቁ። ሰው እርስ በርሱ ተመካከረ፤ ትንሽ አለው ተባለ። ሻይ ቤቷ ባለቤት ተነስታ፣ "እኔ ጨው ሲበላ አላየሁትም፤ የሰው ሳህን ሲያይ ግን አይቼዋለሁ" አለች። ይህም ተመዘነ፤ ማየት ግፊት አይጨምርም ተብሎ ታለፈ። አንዱ ጎረቤት ዕድሉን ተጠቅሞ ባለፈው ክረምት የጠፋችበትን ዶሮ አነሳ። ሐጂ "እሷ የሌላ ቀን ናት" አሉት። ሌላው ደግሞ ወፍ እንደነገረችው ብሎ፣ አንድ መምህር ከሌላ መምህር ምሳ ዕቃ እንጀራ ሲቆርስ ታይቷል አለ። መምህሩ እኔ አለመሆኔን ወፏ አላጣራችም ነበር።

መጀመሪያ ሳቅ ሳቅ ይለን ነበር። ቀስ በቀስ ግን ፀሐይዋ ዞረች፣ የማንጎው ጥላ ከሐጂ ላይ ተነስቶ ወደ አጥሩ ሄደ። ቦታ ይቀይሩ ብንላቸው "ሰብሳቢ አይነቃነቅም" አሉ። ላባቸው በጢማቸው ላይ ወረደ፤ ጾመኛ ናቸውና ውሃ አይሰጣቸውም። ዓይናቸውን ሲጨፍኑ ዱዓ ላይ ናቸው አልን፤ ወደ ጎን ሲያዘነብሉ ግን ደነገጥን። የሆነ ሆኖ ማንም ተነስቶ "በቃ" ሊል አይችልም፤ የተነሳ ሰው ራሱን አጋለጠ ነው የሚባለው። እትዬ መሃል ቆማ የእያንዳንዱን ዓይን በተራ ትመረምራለች።

ያን ጊዜ ሚስቴ ከደጃፉ ተነስታ፣ "እኔ ነኝ" አለች።

"ምኑ ነሽ?" አለች እትዬ።

"ጨው የማደርግበት። ትንሽ ትንሽ ጣል እያደረግኩበት ነው። በሉ አሁን ሁላችሁም ቤታችሁ ግቡ።"

ሰው ሁሉ ተነፈሰ። ሐጂን ሁለት ሰዎች ደግፈው ወደ ጥላ ወሰዷቸው።  ከእኔ ጋር እኩል ያለ ጨው የከረመች ሴት በጨው ተፈረደባት። "ውሸቷን ነው" ልል ስነሳ በዓይኗ ተቀመጥ አለችኝ። የደብረ ሲና ሴት በዓይኗ ስትናገር ያን ሰዓት ቆላው ራሱ ይቀዘቅዛል፤ ተቀመጥኩ። ማታ ለብቻችን ስንሆን ለእትዬ እውነቱን ልንገራት ብላት፣ "ተዋት፣ ትብረድ። ጥፋተኛ ካላገኘች ነገም ትሰበስበናለች" አለችኝ።

እትዬ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻል ነበር። "ልጄ ነሽ፣ አልፈርድብሽም" አለቻት። "ከዛሬ ጀምሮ ግን ድስቱ የእኔ ነው።"

"እሺ እትዬ፣ እንዳሉ" አለች ሚስቴ።

ወጥ ቤታችን እትዬ እጅ ገባ። ሚስቴ በገዛ ቤቷ እንግዳ ሆና፣ እግሯን ሰብስባ ሶፋ ላይ ተቀምጣ ቴሌቪዥን ስታይ ከተጋባን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አየኋት። እውነቱን ለመናገር ብዙም የተከፋች አትመስልም ነበር። እትዬ ምስሩን ራሷ ለቅማ፣ ዘይቱን ራሷ ገዝታ፣ በርበሬያችንን "ማን ምን እንደቀላቀለበት አይታወቅም" ብላ አባርራ ትሠራልኝ ጀመር። ወጧ ከሚስቴም ባሰ። ምሳዬን ትምህርት ቤት ድረስ ተሸክማ ትመጣና እስክጨርስ አጠገቤ ቆማ ትጠብቃለች፤ ተማሪዎቼ መስኮቱ ላይ ተደራርበው ያዩኛል። ለዓመታት ያካበትኩት መምህራዊ ግርማ ሞገስ በዚያ ምሳ ዕቃ አለቀ።

ግፊቱ ግን ወጣ።

ሚስቴ ትለካለች፣ ቁጥሩን ጮክ ብላ ታነባለች፣ እትዬ ከወጥ ቤት ትሰማለች። መጀመሪያ "መለኪያው ነው" አለች። ጤና ጣቢያ ሄጄ ተለካሁ፤ የእነሱም መለኪያ ያንኑ አለ። ጠዋት ጠዋት ፊቴ ያብጥ ጀመር። አስፋልቱን ተሻግሬ ትምህርት ቤት እስክደርስ ትንፋሽ ያጥረኛል። መቀለዱን ሁላችንም ቀነስን። ይህች ኩላሊት ከሞተች የሚጠብቀኝ የደም ማጠቢያው ማሽን ነው። አውቀዋለሁ፤ ያን ወንበር፣ ያን መርፌ፣ ያን መንገድ አውቀዋለሁ። ፈራሁ። እትዬ ደግሞ ከእኔ በላይ ፈርታ ነበር፤ እኔ ግን የራሴ ፍርሃት ዓይኔን ጋርዶት አላየሁላትም።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ሁለቱ ወጥ ቤት ቆመው አገኘኋቸው። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ድምፃቸው ይሰማል።

"ልጄ፣ ያኔ ለምን እኔ ነኝ አልሽ?" አለች እትዬ።

"ሐጂ ሊወድቁ ነበር። ሌላ ሰው ደግሞ ሊነሳ አልቻለም።"

"አላደረግሽውም?"

"ጨው ከየት መጥቶ፣ እትዬ። እኔም እኮ ጨው የምቀምሰው የበዓል ዕለት ሰው ቤት ስጋበዝ ነው።"

እትዬ ድስቱን ከእሳት አወረደች። ከዚያ የሚስቴን እጅ ይዛ ሳመችው። ታላቅ የታናሽን እጅ አይስምም፤ ሚስቴ ደንግጣ ልትነጥቃት ታገለች፣ እትዬ ግን አለቀቀችም። "አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ" አለቻት። ሚስቴ አለቀሰች። እኔ ቦርሳዬን ይዤ ቀስ ብዬ ተመልሼ ወጣሁና፣ ጥቂት ቆይቼ በሩን እያንኳኳሁ ገባሁ።

በማግስቱ ስንነሳ እትዬ የለችም። ሽንኩርቱ ውሃ ጠማው ብላ ለጎረቤት ነግራ ሄዳለች። ስልኳ መንደራችን ውስጥ ኔትወርክ የሚያገኘው አልፎ አልፎ ነው፤ ብደውል ብደውል አልተነሳም። እሷም መደወል ተወች። ኩላሊቷ እንዴት እንዳደረች የሚጠይቀኝ ጠፋ፤ ያ ጥያቄ እንዲህ እንደሚናፍቀኝ አላውቅም ነበር።

ነገሩን የገለጡልኝ ሐጂ ናቸው። በደጄ ሲያልፉ ጠርተውኝ ከጥላ ሥር ተቀመጥን፤ የጥላውን ነገር አሁን ይጠነቀቃሉ።

"እህትህ ከመሄዷ በፊት እኔ ጋ መጥታ ነበር" አሉኝ። "ለአረፋ የሚታረድ በግ ጉድለት ያለበት ከሆነ እንዴት ነው ብላ ጠየቀችኝ። አንካሳ፣ ዓይነ ስውር፣ የታመመ ከሆነ ለኡድሒያ፣ ለበዓሉ መሥዋዕት፣ አይሆንም አልኳት። 'ባለቤቱ ደህና መስሎት ሰጥቶ፣ በኋላ ጉድለቱ ከታወቀስ?' አለችኝ። ያለው ሰው ከሆነ ሌላ ይተካል አልኳት። እኔ የበግ ነገር መስሎኝ ነው፣ ወላሂ። እያለቀሰች ስትሄድ እንኳ በጉ ነው ያሳዘናት አልኩ። ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ነው የገባኝ። የሰጠሁት ጉድለት ነበረበት፣ አላህም አልተቀበለኝም ብላ ነው።"

 ሴትየዋ ከገላዋ ቆርጣ ሰጥታ፣ አንካሳ በግ እንዳቀረበ ሰው አፍራ መንደር ተደብቃለች።

"ቀጠሮ አለኝ፣ በሚቀጥለው ወር..." ስላቸው፣ "ቀጠሮህን ተወውና ነገ ሂድ" አሉኝ። "ፊትህን መስታወት አያሳይህም?"

ከሚስቴ ጋር ተሳፈርን። ሚኒባሱ ደብረ ሲናን አልፎ ተራራውን በስቶ ወደሚያልፈው የመኪና ዋሻ ሲወጣ ሚስቴ መስኮቱን ከፍታ የአገሯን ብርድ ማገች፤ እኔ ጃኬቴን እስከ አገጬ ቆለፍኩ። በዚያ መንገድ ሁሌ ማን ይሻላል፣ ደጋ ወይስ ቆላ፣ እያልን እንከራከራለን። ያን ቀን አልተከራከርንም።

ዶክተሯ የደም ምርመራዬን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። በመጨረሻ የጨመረችልኝ ኪኒን ግፊቱን ያን ያህል አላወረደውም፤ ኩላሊቷ ግን ከዚያ ወዲህ ደክማለች። አልጋው ላይ አስተኛችኝና ማዳመጫዋን ደረቴን ትታ ሆዴ ላይ፣ ኩላሊቷ ካለችበት አደረገች። ብዙ ቆየች። ጎበዝ ሐኪም ዝም ሲል በሽተኛ ብዙ ነገር ያስባል፤ እኔም አሰብኩ።

"ድምፅ አለው" አለች።

"ምኑ ነው ድምፅ ያለው?"

"ደሙ። በጠባብ ቦታ ተጨናንቆ ሲያልፍ ሹ ሹ ይላል።"

በአልትራሳውንድ ታየ፤ እንዳለችው ሆነ። ወደ ኩላሊቷ ደም የሚያደርሰው የደም ስር አንድ ቦታ ላይ ጠቧል።

"ከጨው ነው?" አልኳት።

"ጨው የደም ስር አያጠብብም።"

"ኩላሊቷስ? ከመጀመሪያው ጉድለት ነበረባት?"

"ኩላሊቷ ጤነኛ ናት። የጠበበው ከእርስዎ የደም ስር ጋር የተሰፋችበት መገጣጠሚያ ነው። ሲድን ጠባሳ ይሠራል፤ አንዳንድ ሰው ላይ ጠባሳው መንገዱን ያጠብበዋል። ደም በቂ ሲያጣት ሰውነት ሁሉ ደም ያነሰው ይመስላታል፤ ግፊቱን ጨምሩ እያለች ታዛለች።"

ይህ ቶሎ ገባኝ። መንደራችን ውስጥ ቦዩ ጭራ ላይ ያለው ገበሬ እንዲህ ነው። መሃል ላይ ደለል ሞልቶ ውሃ ሲያጥረው ወንዙ የደረቀ ይመስለዋል፤ ልቀቁልኝ እያለ ይጮኻል፤ ከላይ ይለቁለታል፤ የላዩ እርሻ ሁሉ ይጥለቀለቃል፣ እሱ ጋ ግን ያው ጠብ ጠብ ነው። እኛ ደግሞ ደለሉን ትተን ስንት ጊዜ ሙሉ ሰው ስንመረምር ከረምን።

"ጨው አይደለም አሉ" አለች ሚስቴ ከጎኔ።

"ሰምቻለሁ።"

"ለሰፈሩ ሰው ሁሉ ንገርልኝ።"

ሕክምናው እንዲህ ነው፦ በብሽሽት በኩል ቀጭን ቱቦ ይገባና እስከ ጠበበው ቦታ ይደርሳል፤ እዚያ ትንሽ ፊኛ ተነፍቶ መንገዱን ያሰፋዋል፤ ተመልሶ እንዳይጠብ ደግሞ ስቴንት የሚሉትን የሽቦ ቱቦ ደግፎ እንዲይዝ ትተውት ይወጣሉ። ዶክተሯ ብዙ ጊዜ እንደሚሳካ ነገረችኝ። አልፎ አልፎ የደም ስሩ ሊቀደድ እንደሚችል፣ ያን ጊዜ ኩላሊቷን ልናጣት እንደምንችልም አልደበቀችኝም። ባይሠራ ግን ማጣታችን አይቀርም።

እዚያው ተኛሁ። ለእትዬ ደወልኩ፤ አይሠራም። ለሐጂ ደውዬ፣ "ጉድለቱ ከኩላሊቷ አይደለም ብለው ይንገሩልኝ" አልኳቸው። ሐጂ በዚያ ዕድሜያቸው ባጃጅ ተሳፍረው መንደር ድረስ ወረዱ። እትዬ ግን የለችም። ገበያ ላይ "ወንድምሽ ሆስፒታል ተኛ" ያላት ሰው አለ፤ ጎሕ ሲቀድ አዲስ አበባ ተሳፍራለች ተባሉ።

ሥራው ሲሠራ ነቅቼ ነበር፤ ያደነዘዙት ብሽሽቴን ብቻ ነው። ደም ስሩን ለማየት የሚያስገቡት ፈሳሽ ሲሰራጭ ሆዴ ውስጥ የሮቢት ቀትር ተሰማኝ። "ሞቀኝ" ስላቸው "አሁን ይለቅዎታል" አሉኝ። ሐኪሞቹ ከራሴ በላይ ስለ ምሳ ያወሩ ነበር፤ አንዱ ጥብስ እንደሚበላ በዝርዝር ሲናገር ከመርፌው ይልቅ እሱ ወጋኝ። ከዚያ ወሬው ድንገት ቆመ። ፊኛው ሲነፋ ኩላሊቷ ያለችበት ቦታ ጨምድዶ ያዘኝ። እንደሚሞት ሰው በልቤ ሸሃዳ ያዝኩ። የማየው ጣራውን ብቻ ነው። ቆይቶ አንዱ "አለፈ፣ እየሄደ ነው" አለ። የጥብሱ ወሬ ቀጠለ።

አልጋዬ ላይ በጀርባዬ አጋድመው፣ እግሬን እንዳላጥፍ፣ ቀና እንዳልል አዘዙኝ። ከሰዓት በኋላ ነርሷ ግፊቴን ለክታ ቁጥሩን ስትነግረን ሚስቴ "ድገሚው" አለቻት። ደገመችው። ወርዷል። ሚስቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ዶክተሯ ገብታ ቁስሉን ስታይ ሳለ ነው በሩ ተከፍቶ እትዬ የገባችው።

ከንፈሯ ደርቋል። በእጇ ፌስታል አንጠልጥላለች፤ ውስጡ ያለፈው ጊዜ ሆስፒታል ተኝታ የለበሰችው የሌሊት ልብስ፣ ሳሙናና ነጠላ ጫማ ይታያል። እኔን ቀና ብላ አላየችኝም። ፌስታሉን ወንበሩ ላይ አስቀምጣ ቀጥታ ወደ ዶክተሯ ሄደች።

"ልጄ፣ ከትናንት ማታ ጀምሮ አልበላሁም። ውሃም አልጠጣሁም፤ እንዳለፈው ጊዜ ነው የመጣሁት" አለቻት።

"ለምን፣ እማማ?"

"የመጀመሪያዋ ጉድለት ነበረባት፤ ሳላውቅ ነው የሰጠሁት። ይህችን ውሰዱለት።" እጇን ከወገቧ በላይ፣ ጠባሳ በሌለበት ጎኗ ላይ አደረገች።

ዶክተሯ ፈገግ አለች። ወደ እኔና ወደ ሚስቴ ስታይ የሚስቅ ሰው አጣች፤ ፈገግታዋ ቀረ።

"እማማ፣ እሷን ከሰጡ እርስዎ በምን ይኖራሉ?"

"እኔማ ኖሬያለሁ" አለች እትዬ።

እኔ ለዚህች ሴት ቀልድ አጥቼ አላውቅም። ያን ሰዓት አጣሁ። ተነስቼ ላቅፋት ፈለግሁ፤ አልተፈቀደልኝም፣ እንባዬ ወደ ጆሮዬ ብቻ ወረደ። ሚስቴ እጇን ይዛ አልጋዬ ጫፍ ላይ አስቀመጠቻት። ዶክተሯም አጠገቧ ቁጢጥ ብላ፣ ቀስ ብላ ሁሉንም ነገረቻት፦ የጠበበው መገጣጠሚያው እንደነበረ፣ እንደተከፈተ፣ ደሙ እየደረሰ እንደሆነ።

"እሷስ?" አለች እትዬ።

"ደህና ናት።"

"ጉድለት የለባትም?"

"የለባትም፣ እማማ። ከመጀመሪያውም አልነበረባትም።"

እትዬ ብርድ ልብሴን ገለጥ አድርጋ፣ ኩላሊቷ ያለችበትን ቦታ በመዳፏ ዳበሰች። ሚስቴ የውሃ ጠርሙስ ስትሰጣት እጇን ከዚያ ላይ አላነሳችም። ሚስቴ ይዛላት አጠጣቻት።